ግማሽ እስኪቀር

«ለማህደር እንዳትነግራት። ሆድ ይፍጀው» አለ የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሼ ብርሃነመስቀል። ማህደር እኔ ነኝ። ከመስኮቱ ወዲህ፣ ጓዳ ውስጥ፣ ዱካ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ሰው ምስጢር ሊያወራ ሲፈልግ ለምን የሰው መስኮት ሥር ሄዶ እንደሚቆም አይገባኝም። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የነሐሴ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ገና ማባራቱ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከጓዳችን ሦስት እርምጃ በሚርቀው የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመዋል። ባሌ አስረስ በአንድ እጁ ባልዲ፣ በሌላው ደግሞ የዓሣዎቹን ውሃ የሚመረምርባትን ቀጭን ወረቀት ይዟል። የወረቀቷ ጫፍ እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል።

ከዚያ በፊት የተባባሉትንም ሰምቻለሁ። «ጥፋቱ የዓሣዎቹ መስሎኝ ነበር» አለ አስረስ። «ምግብ ቀነስኩ፣ የበሰበሰውን ቅጠል ለቀምኩ፣ በየሦስት ቀኑ ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፤ ናይትሬቱ አልወርድ አለ። ዛሬ ወረቀቷን ባልዲው ውስጥ ነከርኳት። ከጉድጓዱ ነው የሚመጣው፣ ጋሼ። እኔው በእጄ እየጨመርኩበት ኖሯል።»

«ሠላሳ ዓመት የጠጣነው ውሃ ነው። አባታችን የቆፈረው።»

«ያኔ ከበላዩ ሽንት ቤት አልነበረም።»

እውነቱን ነው። ጋሼ አምና ግቢው ውስጥ አራት ሰርቪስ ክፍሎች ሠርቶ አከራየ፤ ለተከራዮቹም ከጉድጓዱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሽንት ቤት አስቆፈረ። ሌላ ቦታ አልነበረም፤ ሌላውን ቦታ ክፍሎቹ ይዘውታል። አስረስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔ ጆሮዬን ከፍ አደረግኩ። ስልኩ ላይ ያነበበውን እንደ ተማሪ በቃሉ አነበነበው፦ ለትልቅ ሰው ብዙም ላይጎዳ ይችላል፣ የሚጎዳው ጡጦ የሚጠጣ ጨቅላ ነው፣ ደሙ አየር መያዝ ያቅተዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ጥፍሩ ሰማያዊ ይሆናል። እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጋሼም ገባው፤ ባይገባው ኖሮ «ለማህደር እንዳትነግራት» ባላለ ነበር።

«ተከራይህ ሱሀይላስ?» አለ አስረስ። «ልጇን ጡጦ አስጀምራታለች።»

«አፍልታ አይደል የምታጠጣት? የፈላ ውሃ ምን ያደርጋል? ለአንዲት ወረቀት ብለህ አራት ክፍል ተከራይ ልታስወጣብኝ ነው? ማህደርስ ስንቱን ትችላለች? እግዜር ያመጣውን እግዜር ይመልሰው።»

አስረስ ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተታት። ከዚያ «እሺ» አለ። ባሌ ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩ ለሁሉም ሰው ጥሩ መሆኑ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ያስተማረው ጋሼ ነው፤ የምንኖርበትም ቤት የእሱ ነው፤ እንግዲህ «እሺ» የምትባለው ቃል ከዚያ ጀምራ አፉ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ሽንኩርቱን ልጬ ጨረስኩ። አላነባሁም። ሽንኩርት እንኳን ካስለቀሰኝ ሁለት ወር አልፎታል። ብዙ የተቀመጡበት እግር ደንዝዞ ቢቆነጥጡት እንደማይሰማው፣ እኔም ከሰኔ ጀምሮ እንደዚያ ነኝ።

ሳሎናችን ጠባብ ናት፤ ግማሿን የያዘው የአስረስ አኳሪየም ነው። አስረስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። መስታወቱን የሠራለት ገበያ አጠገብ የመስኮት መስታወት የሚቆርጠው ሰውዬ ሲሆን፣ እኔ እንኳን ተሰብሮ ቤታችንን ያጥለቀልቀዋል ብዬ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። ሣሩን ከቤበቃ መንገድ ካለ ወንዝ ነቅሎ አምጥቶ ተከለው። ዓሣዎቹ አንዱ በመቶ ሃምሳ ብር ተገዝተው በላስቲክ ከረጢት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ፤ አሥራ ሁለት ተጭነው ሰባት ደረሱ። ጋሼ «የማይበላ ዓሣ» እያለ ይስቅበታል። ልጃችን ከሞተች ወዲህ አስረስ ከእኔ ይልቅ ከእነሱ ጋር ይነጋገራል፤ አልከፋኝም፤ እነሱ የሚመልሱለት ነገር አላቸው። ናይትሬት የሚሉት ነገር ከዓሣዎቹ ኩስና ከተረፈ ምግብ እንደሚመጣ፣ ሣሩ የቻለውን እንደሚበላው፣ የቀረው ደግሞ ውሃ በመቀየር እንደሚወጣ ስንቴ አስረድቶኛል። ከአርባ በታች መሆን ነበረበት። የእኛ ግን ከመቶ አልወርድ ብሎ ከሰባቱ ዓሣዎች አራቱ አንድ በአንድ አለቁ፤ የሣሩም ቅጠል በአረንጓዴ ድር ተሸፈነ።

ባልዲውን ይዞ ሲገባ የሚያደርገውን አየሁ። እንደ ወትሮው መስታወቱ ውስጥ አልገለበጠውም። ደጅ ደፍቶት መጣ። ከዚያ ጣሪያው ሥር የዝናብ ውሃ የሞላውን ሳፋ አንስቶ አስገባ፤ ወረቀት ነከረ፤ ጠበቀ፤ ወረቀቷ ነጭ ሆና ቀረች። ደስ አለው። ፊቱን ላየው ሰው ግልጽ ነበር፤ ትንሽ ፈገግ አለ እንኳ። በጆግ እየቀዳ፣ ሣሩ እንዳይነቀል እጁን ከሥር እያደረገ፣ ቀስ ብሎ ጨመረላቸው።

«ለምን የዝናብ አደረግህ?» አልኩት።

«ለለውጥ ያህል ነው» አለ፣ ሳያየኝ።

ለዓሣዎቹ የዝናብ ውሃ ተገኘላቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ የሱሀይላን ክፍል አየሁ፤ ተቆልፏል። ሱሀይላ የስልጤ ልጅ ናት፤ ገበያ ውስጥ የልጆች ልብስ ትሸጣለች፤ ባሏ ዕቃ ሊያመጣ ቴፒ ከሄደ አራት ቀኑ ነው። ልጇ ሐፍሳ ዘጠኝ ሳምንቷ ነው። ወዲያው መሮጥ ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ገብቼ ቁርስ አቀረብኩ። ፍርፍሩን በላን። አስረስ «ጨው አንሶታል» አለ፤ እኔ «ጨምርበት» አልኩ። ከዚያ በኋላ የተሰማው መስታወቱ ውስጥ አረፋ የምታወጣው የትንሽዬዋ ሞተር ድምፅ ብቻ ነው። ሊነግረኝ እንደሚፈልግ አይቻለሁ፤ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሻይ ጠጣበት።

እኔ የማስበው ስለ ማፍላት ነበር። ወተቴ በወለድኩ በሦስተኛው ሳምንት እምቢ ሲለኝ ለልጄ የጣሳ ወተት ጀመርኩላት፤ ጣሳው አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ብር ነው፤ ለሳምንት አይበቃም። የቧንቧ ውሃ በስምንት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ከጉድጓዱ ቀድቼ አፈላ ነበር። ሌላው ሰው ቡልቅ ሲል ያወርደዋል። እኔ ግን ጥንቁቅ ነኝ፤ እናቴም እንዲህ ናት። ድስቱን አፉን ከፍቼ እጥድና ግማሽ እስኪቀር አፈላዋለሁ። ጎረቤት ሁሉ ስለ ጥንቃቄዬ ያወራ ነበር። ጣቶቿ መጥቆር ሲጀምሩ የከተማችን የሚዛን ብርድ ነው ብዬ እጇ ላይ ካልሲ አጠለቅኩላት። አንዱ ክሊኒክ ልቧ ላይ ቀዳዳ ሳይኖር አይቀርም አሉና ወደ ጅማ ጻፉልን፤ ቦንጋ ሳንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ እቅፌ ላይ ሞተች። ሰባ ሁለት ቀኗ ነበር። ለሰማንያ ቀኗ፣ ለክርስትናዋ፣ ስምንት ቀን ቀርቶ ነበር፤ ነጭ ቀሚሷ ተገዝቶ፣ ጠላው ተጠንስሶ ነበር። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ፍትሐት የለውም፤ ድንኳንም አልተተከለም። ጎረቤት ቆም ብሎ «ገና ልጅ ነሽ፣ ይተካልሻል» እያለ አለፈ። ጠላው ለሐምሌ ሥላሴ ተጠጣ። ስሟን ከዚያ ወዲህ ማንም አፉ ላይ አላመጣውም፤ እኔም አላመጣሁትም።

የተረፈውን ጣሳ፣ ጡጦውን፣ ፔርሙዙንና ካልሲዎቹን በአንድ ፌስታል አድርጌ ለሱሀይላ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሚፈላም ያሳየኋት እኔ ነኝ። ቀሚሱን ብቻ አስቀረሁ።

ነጠላዬን ደርቤ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብዬ ወጣሁ። በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባጃጆቹ ውሃ እየረጩ ያልፋሉ፤ የኮረሪማና የእርጥብ ቆዳ ሽታ ከገበያው በር ጀምሮ ይቀበላል። የሱሀይላ ሱቅ ከበሩ በስተቀኝ ነው። እኔ ግን በስተግራ ታጠፍኩ፤ ወደ ፋርማሲው። ይኼንን ማንም አይጠይቀኝም፤ ራሴ ግን እጠይቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ልጇ አላሰብኩም፤ ስለ ራሴ ነበር ያሰብኩት። የፈላ ውሃ ምን ያደርጋል ብሎ ነበር ጋሼ። ማፍላት የሚያጠፋው ከሆነ፣ ልጄን የገደላት ሌላ ነገር ነው፤ እኔ የለሁበትም። ያንን አንድ ሰው አፉን ሞልቶ እንዲነግረኝ ፈለግኩ።

የፋርማሲው ባለቤት ሕዝቅያስ የጌጫ ልጅ ነው። ጣሳዎቹን የገዛሁት ከእሱ ነው። ሲያየኝ ሚዛኑን መወልወል ጀመረ፤ ሰው ከእኔ ጋር ዓይን ላለመጋጨት የሚወለውለው ነገር አያጣም።

«ሕዝቅያስ፣ ናይትሬት ያለበት ውሃ ሲፈላ ይጠፋል?» አልኩት።

ጥያቄው የአስረስ የዓሣ ነገር መሰለው መሰለኝ፣ ቀለል አለው። «በማፍላት የሚሞተውማ ጀርም ነው። ናይትሬት ነፍስ የለው፣ ምኑ ይሞታል? ጨው ያለበት ውሃ ብታፈዪ ጨዉ አብሮ ይተናል እንዴ? ውሃው ይቀንሳል፣ ጨዉ ይብስበታል።»

«ግማሽ እስኪቀር ቢፈላስ?»

«እጥፍ ይሆናላ» አለ፣ ያለ ምንም ክፋት።

አመሰገንኩት። ሦስት ትልልቅ የታሸገ ውሃ ገዛሁ። መልስ ሲሰጠኝ ተቀበልኩ፤ የተቀደደች ሃምሳ ብር ነበረችበትና ቀይርልኝ አልኩት፤ ቀየረልኝ። ሰውን ውሃ ሲወስደው እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ እኔን እያመሰገንኩት ነው የወሰደኝ። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆምኩ። የሚመጣ ነገር ካለ ይምጣ ብዬ ጠበቅኩት፤ ምንም አልመጣም። አንዲት ሴት በግ እየጎተተች አለፈች። ውሃዎቹ ከበዱኝና መራመድ ጀመርኩ።

ሱሀይላ ከልብሶቹ መሃል፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታቅፋለች። «ማህደርዬ! ነይ፣ ግቢ፣ ዝናቡ ሳይመለስ» አለችኝ። ከሰው ሁሉ ስሜን በደስታ የምትጠራው እሷ ብቻ ናት። ፔርሙዙ አጠገቧ ነው፤ አበባ ያለበት፣ የእኔ። ጡጦው ባዶ ነው፤ አሁን ጨርሳ መሆን አለበት። ሐፍሳ አልተኛችም፣ አልነቃችምም፤ ዓይኗ በግማሽ ተከፍቶ አንድ ቦታ ያያል። በሁለቱም እጇ ላይ ካልሲ አለ፤ ቢጫ፣ ጫፉ ላይ ዳክዬ የተጠለፈበት። ያንን ካልሲ አውቀዋለሁ።

«ለምን አጠለቅሽላት?» አልኩ።

«ጣቷ ቀዘቀዘብኝ፣ ከትናንት ጀምሮ። ብርዱ ነዋ። ደሞ ዛሬ ዝም ብላለች፤ ተመስገን፣ ማልቀሱን ተወችው።»

ውሃዎቹን መሬት አስቀመጥኩ። የቀኙን ካልሲ አወለቅኩ፤ ቀጥሎ የግራውን። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘርግቼ ወደ ብርሃኑ አወጣኋቸው። ጥፍሮቿ የዝናብ ደመና ቀለም ነበራቸው። ያንን ቀለም አንዴ ያየ ሰው ከሌላ አያምታታውም።

«ሱሀይላ፣ ተነሺ። ውሃው ነው። የጉድጓዱ ውሃ ተበላሽቷል። የእኔን ልጅ የገደላት እሱ ነው። እኔ ነኝ ያጠጣኋት።»

አየችኝ። የተናገርኩትን እኔም ሰማሁት፤ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

«ኧረ አፈላዋለሁ እኮ!» አለች። «ወላሂ አፈላዋለሁ። አንቺ እንዳሳየሽኝ፣ ግማሽ እስኪቀር።»

ሐፍሳን ከእቅፏ ወስጄ ወጣሁ፤ እሷም ሱቁን ክፍቱን ትታ ተከተለችኝ። ባጃጅ ውስጥ ሆነን ለአስረስ ደወልኩ። «ወረቀቶቹን ይዘህ፣ ከጉድጓዱም ውሃ ቀድተህ ሆስፒታል ና። ሐፍሳ ጥፍሯ ጠቁሯል» አልኩት። «ማን ነገረሽ?» አለኝ። «የጓዳው መስኮት» አልኩና ዘጋሁት። ሱሀይላ የልጇን እግር ይዛ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓ ታደርጋለች። ሾፌሩ ዞር ብሎ አየን፤ ከዚያ በኋላ የመንገዱን ጉድጓድ መሸሹን ተወ።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘችን ሲስተር የዓለምዘርፍ ናት፤ ሽበቷን በነጭ ሻሽ የሸፈነች ትልቅ ሴትዮ። ሐፍሳ ጣት ላይ ቆንጥጦ የደም አየር የሚለካውን መሣሪያ አደረገችላትና ቁጥሩን አይታ ወጣቱን ሐኪም ጠራችው። አየር ተደረገላት፤ ቀለሟ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ በማዳመጫው ደረቷን ሰማና «የልብ ችግር ሳይሆን አይቀርም፣ ወደ ጅማ…» ብሎ ሲጀምር «አይደለም» አልኩ። እንዲህ ጮክ ብዬ ከተናገርኩ ዘመን ሆኖኛል። «ልብ አይደለም። የእኔንም ልጅ ልቧ ነው ብለው ላኩብኝ። ውሃ ነው። ናይትሬት ነው።» ሐኪሙ ማን ናት በሚል ዓይን ሲያየኝ አስረስ በሩ ላይ ደረሰ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ በአንድ እጁ የጉድጓዱን ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ፣ በሌላው የወረቀቶቹን ብልቃጥ ይዟል። አንድ ወረቀት አውጥቶ ሐኪሙ ፊት ጠርሙሱ ውስጥ ነከረና ያዘለት። ሁላችንም ወረቀቷን አየን። አንድ ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል ብዬ አላስብም ነበር። ቀላች። ሐኪሙ ብልቃጡ ላይ ያለውን የቀለም ሠንጠረዥ አየ፤ የሐፍሳን ከንፈር አየ፤ ከዚያ እየሮጠ ወጣ።

መድኃኒቱ ከዕቃ ቤት ተፈልጎ ተገኘ። ሰማያዊ ነው፤ እንደ ቀለም ሰማያዊ፤ በደም ሥሯ ቀስ ብለው ገፉላት። ሱሀይላ ማየት አልቻለችም። እኔ አየሁ፤ ዓይኔን ከጥፍሮቿ ላይ አልነቀልኩም። ስንት ሰዓት እንደፈጀ አላውቅም፤ በመጀመሪያ የአውራ ጣቷ ጥፍር ቀላ፤ ቀጥሎ ከንፈሯ። ከዚያ አፏን ከፍታ አለቀሰች፤ ኮሪደሩን የሚሞላ፣ የተናደደ ለቅሶ። «በጊዜ ነው ያመጣችኋት» አለ ሐኪሙ ላቡን እየጠረገ። ሱሀይላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በጊዜ የምትለዋን ቃል ሰማኋት፤ የት እንደማስቀምጣት አላወቅኩም።

የአስረስ ስልክ ጮኸ። ጋሼ ብርሃነመስቀል ነው፤ ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ለእኔም ይሰማል። «ለተከራዮቹ ምን ነግራችኋቸው ነው? እቃ እየሸከፉ ነው እኮ! አሁኑኑ መጥተህ አስተባብል!» አስረስ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወለሉን አየ። «እሺ» እስኪል ጠበቅኩ። «ከመውጣቴ በፊት በየበሩ እየዞርኩ የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አለ። «ጉድጓዱንም ከድኜዋለሁ፣ ጋሼ። እንዳትከፍተው።» ስልኩን ዘጋው። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ አልነካኝም፤ እኔም አልነካሁትም። ይቅር ልበለው አልበለው ገና አላወቅኩም። የዛሬ ጠዋቷ «እሺ» መሃላችን አግዳሚው ላይ ቦታ ይዛ ተቀምጣለች።

ሲስተር የዓለምዘርፍ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ለጤና ቢሮ የሚላክ ነው አለች፤ ከአንድ ውሃ የጠጣ፣ ተመሳሳይ ምልክት የታየበት ሌላ ሕፃን ካለ መመዝገብ አለበት።

«አለች» አልኩ።

«አሁን የት ነው ያለችው?»

«ሰኔ ላይ ሞታለች።»

እስክሪብቶዋ ቆመ፤ መልሳ ጻፈች። «ዕድሜ?»

«ሰባ ሁለት ቀን።»

«የአባት ስም?»

«አስረስ።» አጠገቤ ያለው ሰው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«የልጅቷስ? ስሟ ማን ነበር?»

ከሞተች ጀምሮ ይኼንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በተወለደች ዕለት አዋላጇ ጣት ላይ የዘንባባ ቀለበት ነበር፤ ቀለበቱን አውልቃ የልጄ ትንሿ አውራ ጣት ላይ አጥልቃላት ሁላችንም ስቀን ነበር። ጣቶቿ ያኔ ቀይ ነበሩ። ዓይኔ አልታዘዝ አለኝ፤ ፊቴ ረጠበ። ሲስተር አልቸኮለችም።

«ሆሳዕና» አልኳት። «ሆሳዕና አስረስ። ይጻፉልኝ።»